«ሂር» እና «ሊስን»

የሬዲዮ ፕሮግራሙ አምስት ደቂቃ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ከዜና በኋላ ይተላለፋል። ጎባ ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ሮቤ ድረስ ይመጣሉ፤ ትርጉማቸው የሚቀራረብ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ይዘው ስቱዲዮ ይገባሉ፤ ቃላቱ የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ በአማርኛ ያስረዳሉ፤ ሻያቸውን ጠጥተው ይመለሳሉ። የፕሮግራሙ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። መምህሩን ከዚያ ፕሮግራም ያስወጣኋቸውም እኔ ነኝ። ሮቤ ውስጥ የሚወራው ግማሹ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ግማሽ እጽፈዋለሁ።

መምህሩ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ግን ከተወለዱበት አገር ይልቅ ባሌ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ነው የቀራቸው። ኦሮምኛቸው የገበያ ኦሮምኛ አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ሽማግሌዎች ፊት የሚነገረው ዓይነት ነበር። ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ የሱፍ ሻርፕ ያደርጋሉ። አንገታቸው ላይ ሳይሆን ከጆሯቸው በላይ ነው የሚጠመጥሙት። «የጎባ ብርድ ከጆሮ ነው የሚጀምረው» ይላሉ።

ሥራቸውን ያውቁ ነበር። አንድ ጊዜ «ሲ» እና «ሉክ»ን ሲያስረዱ እንዲህ አሉ፦ «ሳነቴ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ጉሙን "ሲ" ታደርገዋለህ። ፈልገኸው አይደለም፤ ዓይንህ ውስጥ ገብቶ ነው። ጉሙ ውስጥ የጠፋብህን ፈረስ ግን "ሉክ ፎር" ነው የምታደርገው። ፈረሱ እስኪገኝ ስንት ሰዓት "ሉክ" ታደርጋለህ፣ ምንም "ሲ" ሳታደርግ።» ሌላ ጊዜ «ስቲል» እና «ሮብ» ነበሩ። ሌባው በጉን «ስቲል» ያደርጋል፣ የበጉን ባለቤት ደግሞ «ሮብ» ያደርጋል አሉ። በማግስቱ ሮቤ ገበያ ውስጥ አንድ የስንዴ ነጋዴ ሚዛን ያጭበረበረውን ደላላ ኮሌታውን ይዞ «አንተ ስቲል አይደለም፣ ሮብ ነው ያደረግከኝ!» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደላላው «የቱ ይብሳል?» ብሎ ጠየቀው። «ረቡዕ መምህሩን እንጠይቃለን» አለው ነጋዴው።

ስለ አንድ የአገሩ ልማድ እዚህ መናገር አለብኝ። ባሌ ውስጥ ወሬ የሚሄደው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ያወራል፣ ሌላው «ኤዬ» ይላል። ቃሉ በኦሮምኛ «አዎ» ማለት ነው፤ በወሬ መሐል ሲገባ ግን መስማማትን አያሳይም። «አለሁ፣ ቀጥል» ማለት ነው። ተናጋሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር አድማጩ «ኤዬ» ይላል። ካላለ ወሬው ይቆማል። የመጣሁት ከአዲስ አበባ ስለሆነ ይህን አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሽማግሌዎች ማይክራፎን ደቅኜባቸው ሳለ ንግግራቸውን መሐል ላይ አቁመው ተነሥተው ሄደዋል። ጥያቄዬ አላስቀየማቸውም። ያስቀየማቸው ዝምታዬ ነው። መምህሩ ግን «ኤዬ»ን እንደ ተወላጅ ይችሉበት ነበር። ቦታውን አይስቱም። ሰዎች «እንደሳቸው የሚያዳምጥ የለም» ይላሉ፤ ችግር ያለበት ሁሉ እሳቸው አጠገብ ይቀመጣል።

ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት ከጣቢያው አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ነው። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው፤ ሲናና ውስጥ እርሻ አላቸው። ያን ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውን ከመደርደሪያው ብርጭቆ እያወረዱ ይናገሩ ነበር።

«ትናንት ከሰዓት በረዶ ወረደብን፣ መምህር።»

«ኤዬ።»

«ገብሱን መሬት ላይ አነጠፈው።»

«ኤዬ።»

«አንዱ ማሳ እንዳለ ሄደ። አንድ ዘለላ አልቀረም።»

«ኤዬ። አልሐምዱሊላህ! ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» አሉ መምህሩ በፈገግታ።

ሐጂ ዞሩ። ከዚያ «በሁሉም ነገር አልሐምዱሊላህ» አሉና የመምህሩ ሻይ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመሩ። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው «እምነታቸው ሌላ፣ ምስጋናቸው የኛ» አለ። እኔ ግን ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ «ሐጂ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ምልክት ማስረጃ አይሆንም። በሥራዬ ሰው ያለኝን አላምንም፤ ዓይኔ ያየውንም ለብቻው አላምንም። ሁለተኛ ማረጋገጫ እፈልጋለሁ። ስለዚህ በቀጣዩ ረቡዕ ማረጋገጫውን አዘጋጀሁ።

ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ይቀረጽ ነበር፤ በቀጥታ አይተላለፍም። መምህሩ ከመስተዋቱ ወዲያ ማዳመጫ አድርገው ይቀመጣሉ። እኔና ቴክኒሻኗ ከመስተዋቱ ወዲህ ነን። ቴክኒሻኗ የጎባ ተወላጅ ናት፤ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። «ጋሼ» ነው የምትላቸው። ወደ ማዳመጫቸው የሚሄደውን ድምፅ እስከ ዜሮ ዘጋሁት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ።

«አጣራለሁ።»

ፊት ለፊት እያየኋቸው «መምህር፣ ደኅና አደሩ? መንገዱ እንዴት ነበር?» አልኩ። «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ ጭቃ ነው» አሉ። ምንም ድምፅ አልደረሳቸውም፤ ግን መለሱልኝ። ከንፈሬን አንብበው ነው።

ቀጥዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ጤነኛ ሰው ማዳመጫውን ወርውሮ የሚነሣበት ድምፅ ነው። የስክሪፕት ወረቀት አንሥቼ አፌን ሸፈንኩና «መምህር፣ የዛሬዎቹ ቃላት ምንድን ናቸው?» አልኩ። ወረቀቱን አዩት። ጠበቁ። «ኤዬ» አሉ።

«መምህር፣ ስቱዲዮው እየተቃጠለ ነው።»

«ኤዬ።»

ቴክኒሻኗ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አሁን አጣራህ?» አለችኝ። አጣርቼ ነበር። ድምፁን ወደ ቦታው መለስኩትና ቀረጻውን ጀመርን። የዚያን ዕለት ቃላት «ዉንድ» እና «ኢንጀሪ» ነበሩ፤ አንደኛው በስለት ወይም በጥይት የደረሰ ቁስል፣ ሌላው ማንኛውም ጉዳት። በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ምንም ማረም አላስፈለገም።

ቂም አልነበረኝም። ቢኖረኝ ነገሩን ማስረዳት ይቀለኝ ነበር። እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ የማይሰማ ሰው በሬዲዮ የቃላት አነባበብ ያስተምራል፤ አድማጭ ይህን የማወቅ መብት አለው። ሐሳቡ አሁንም ስህተት አይመስለኝም። ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረበት። እውነቱን ከራሳቸው አፍ መስማት ፈለግሁ። ሃያ ዓመት ስሠራ ሰዎች ሊደብቁት የፈለጉትን ነገር ራሳቸው እስኪናገሩት ድረስ ዝም ብዬ መጠበቅ ተምሬያለሁ። በባለሥልጣን ላይ ሲሆን ይመሰገናል።

በዚያው ሰሞን የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ጠሩኝና አንዳንድ ፕሮግራሞች በቀጥታ፣ ከአድማጭ ስልክ ጋር እንዲሆኑ ተወስኗል አሉ። «የትኞቹ እንደሚሻሉ አንተ ምረጥ» አሉኝ። አራት ፕሮግራሞች ጻፍኩ። የመምህሩን መጀመሪያ ላይ አደረግሁት።

ስነግራቸው መምህሩ ሻይ ይዘው ነበር። ብርጭቆውን ሳይጠጡ አስቀመጡት።

«እንደ ድሮው ተቀርጾ ቢቀር ምን ይላል?» አሉኝ። «የሚደውል ሰው ሰላምታ ሲያበዛ ጊዜው ያልቃል። አምስት ደቂቃ ምን አላት?»

«ውሳኔ ነው፣ መምህር።»

«ኤዬ።» ሻርፓቸውን ነካ አደረጉ። «እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንህ። ሰው ሲደውል ጥያቄውን አጠር አድርገህ በወረቀት ጽፈህ በመስተዋቱ ብታሳየኝ? እኔ ቃል በዓይኔ ካላየሁት አይጥመኝም። የአስተማሪ አመል ነው።»

ምን እየለመኑኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደማውቅ ግን እሳቸው አላወቁም። ሦስት ቃል ቢጨምሩ ኖሮ፣ «ጆሮዬ ደክሟል ልጄ» ቢሉኝ ኖሮ፣ እጽፍላቸው ነበር። ቢያንስ እንዲህ ብዬ አስባለሁ። ጠበቅኋቸው። አላሉም።

«በቀጥታ ስርጭት መጻፍ አይቻልም፣ መምህር» አልኳቸው። «ጊዜ የለም።»

«አይቻልም?»

«አይቻልም።»

«ኤዬ» አሉና ሻያቸውን አነሡ።

በሳምንቱ ይዘዋቸው የመጡት ቃላት «ሂር» እና «ሊስን» ነበሩ። ለምን እነሱን እንደመረጡ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ በፊትም ቢሆን እያንዳንዱን ጥንድ ለምን እንደመረጡ ጠይቄያቸው አላውቅም። ስለዚህ ስለ ምርጫው ምንም አልልም።

ስርጭቱ ሲጀመር ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር። «ዛሬ ሁለት ቃላት ከጆሮ መንደር ይዤ መጥቻለሁ» አሉ። «"ሂር" መስማት ነው። ነጎድጓድ ትሰማለህ፣ ውሻ ሲጮህ ትሰማለህ፣ የጎረቤት ጠብ ትሰማለህ። ፈቃድህን የጠየቀህ የለም። "ሊስን" ግን ማዳመጥ ነው፤ ሥራ ነው። ሰው ሌላውን ሥራውን ትቶ፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሥራ። እኛ በአማርኛ "ስማ!" ብለን እንቆጣለን። በእንግሊዝኛ "ሂር!" ብለህ ብትቆጣ ሰው ግራ ይገባዋል። "ሊስን!" ነው የሚባለው። ሰውን "ሥራ" ብለህ ልታዘው ትችላለህ፤ "ነጎድጓድ ይግባብህ" ብለህ አታዘውም። የኦሮምኛ ተናጋሪዎች ለዚህ አይቸገሩም፤ ሁለቱን በሁለት ቃል ይለዩታል። ደግሞ "አይ ሊስንድ፣ በት አይ ዲድ ኖት ሂር" ማለት ይቻላል። ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነው። አዳመጥኩ፣ ግን አልሰማሁም። በር ላይ ጆሮውን የሚለጥፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይኸው ነው።»

ሁለት ደቂቃ ተኩል ወሰደባቸው። ቀሪው ለስልክ ነበር።

የመጀመሪያው ደዋይ ከሲናና ነበር። ቴክኒሻኗ ስልኩ መገናኘቱን በጣቷ አመለከተቻቸው። ሰውየው በባሌ ወግ ሰላምታውን ጀመረ፤ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ መንገዱን፣ የጎባን ብርድ፣ የትምህርት ቤቱን ሰው። መምህሩ ቴክኒሻኗን ያያሉ፤ እሷ ደዋዩ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ራሷን በትንሹ ትነቀንቃለች፤ እሳቸው «ኤዬ» ይላሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለቱ ይረዳዱ ነበር። ሰውየው ስለ ስንዴ ዋጋ ሊጀምር ሲል ለቴክኒሻኗ «ቁረጪው፣ ጊዜ ጨረሰ» አልኳት።

«ይናገር። ደስ ይላል» አለች።

«ቁረጪው።»

ቆረጠችው። ቀጣዩን ስልክ እኔ አስገባሁት፤ እሷን ደግሞ «ወደ እሳቸው አትዪ» አልኳት። የወጣት ወንድ ድምፅ ነበር። ከኋላው ሌሎች ነበሩ።

«መምህር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

መምህሩ ቴክኒሻኗን ፈለጉ። አንገቷን ደፍታ ነበር። እኔን አዩ። እኔ ከንፈሬን አላንቀሳቀስኩም።

«ኤዬ፣ ይቀጥሉ» አሉ።

«የማይሰማ ሰው እንግሊዝኛ ማስተማር ይችላል?»

«ኤዬ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። «ማለቴ፣ ድፍን ያለ ደንቆሮ?»

«ኤዬ።»

የቴክኒሻኗ እጅ መስመሩን ወደሚዘጋው ቁልፍ ሄደ። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። እጄን እጇ ላይ አስቀመጥኩና «ቆይ» አልኳት። እሳቸው «አልሰማሁም» እስኪሉ ነበር የምጠብቀው። አንድ ቃል።

«ፊትዎን ወደ ሰሌዳ ሲያዞሩ ክፍሉ ሙሉ ምን እንደሚልዎት ያውቃሉ?»

«ኤዬ፣ በደንብ።»

«መምህር፣ እርስዎ አህያ ነዎት?»

«ኤዬ፣ ልክ ነው» አሉ መምህሩ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። እንደርስዎ ያለ አድማጭ ይብዛልን።»

ሳቁ መስመሩን ሞላው። ያኔ እጄን አነሣሁ። ቴክኒሻኗ ቁልፉን ተጫነችና ሙዚቃ አስገባች።

መምህሩ ከስቱዲዮው የወጡት ደስ ብሏቸው ነው። ላብ አልቧቸዋል፤ ሻርፑን አላልተውታል። «ዛሬ ሰው ደወለ፣ አይደል?» አሉ። ቴክኒሻኗ ሳታያቸው ወጣች። ወደኔ ዞሩ።

«የመጨረሻው ደዋይ ምን ነበር ያለው? ጥሩ ጥያቄ ነበር መሰለኝ፤ መስመሩ ግን ትንሽ አልጠራኝም።»

«አመሰግናለሁ ነው ያለው» ማለት እችል ነበር። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ነገር ግን የሰው ንግግር አልለውጥም፤ ለማንም ለውጬ አላውቅም። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። የደዋዩን አራት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል፣ በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ ከነ«አህያ»ው በትልልቁ ጻፍኩ። ቅጠሉን ቀድጄ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡት። ቶሎ አልጨረሱትም። እንደ ተማሪ ወረቀት ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ እንደገና ከላይ። ከአራተኛው ጥያቄ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«እኔስ ምን አልኩ?»

ወረቀቱን ተቀብዬ «ኤዬ፣ ልክ ነው» ብዬ ጻፍኩበት። መለስኩላቸው።

አዩት። አጥፈው ኮት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት።

«መጻፍ ይቻል ነበር ማለት ነው» አሉ።

ሌላ ምንም አላሉም። ሻርፑን ከራሳቸው ላይ ፈትተው፣ አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ጆሯቸውን ገልጠው ሲሄዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ትልልቅ ጆሮዎች ነበሯቸው።

በዚያው ሳምንት «ኤዬ፣ ልክ ነው» የሮቤ ቀልድ ሆነ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ሂሳብ አልሰጠኸኝም» ሲለው ተሳፋሪው «ኤዬ፣ ልክ ነው» ይላል። ፑል ቤት ውስጥ የተሸነፈ ሰው ላይ ይጮኹበታል። አንዱ የደዋዩን ድምፅ በስልኩ ቀድቶት ነበርና ከሞባይል ወደ ሞባይል ዞረ። ትምህርት ቤቱ መምህሩን ከክፍል አንሥቶ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጣቸው። ረቡዕ ጠዋት እኛ ዘንድ አልመጡም፤ እኔም አልደወልኩም። ለነገሩ ብደውልስ? በቦታው ሙዚቃ አስገባንበት። ቴክኒሻኗ በወሩ ሥራ ለቃ ሄደች። የመልቀቂያ ደብዳቤዋ ላይ ምክንያት አልጻፈችም።

ሻይ ቤት ስገባ ሐጂ ሻይ ይቀዱልኛል፤ ግን አያወሩኝም። አንድ ቀን ሌላ ሰው ሳይኖር እኔው ጀመርኩ።

«ሐጂ፣ መምህሩ እንደማይሰሙ ያውቁ ነበር?»

ሳቁ። የደስታ ሳቅ አይደለም። «ኦቦ ጋዜጠኛ! ሮቤና ጎባ ውስጥ የማያውቅ ማን ነበር? አንተ ብቻ ነበርክ የማታውቅ። ስንት ዓመታችን ነው፣ ወላሂ፣ ፊታችንን ወደሳቸው አዙረን፣ ረጋ ብለን ስናወራ። የበረዶው ቀን እኔ ነኝ ያጠፋሁ። ተናድጄ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ተናገርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጠየቅከን? አንተ መች ትጠይቃለህ፤ አንተ ታጣራለህ እንጂ!» ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወሉ። «ያ መጀመሪያ የደወለው የሲናናው ሰው ማን ይመስልሃል?»

ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ወንድሜ ነው። ያቺ ልጅ ማክሰኞ መጥታ "ነገ ጋሼን ሊያጋልጣቸው ነው፤ ምን ይሻላል" ብላ አለቀሰች። እኔ ነኝ "ደውልና ሰላምታውን አርዝመው፤ ደቂቃው እስኪያልቅ ከከብቱ ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ ስንዴው ሂድ" ያልኩት። እሱ ደግሞ ማርዘም ያውቅበታል፤ ሰርግ ላይ ሰው ራት ያስረሳል። ቆረጥከው! ማንን አስገባህ? ያንን የሰው ውሻ!»

ብርጭቆዬን አነሡ። ገና ግማሽ ሻይ ነበረበት። «ቀዝቅዟል» አሉ። ሌላ አልቀዱልኝም።

ከዚያ በኋላ የምለውን ማዘጋጀት ጀመርኩ። እንደ ዜና ጻፍኩት። ሰባት ዓረፍተ ነገር ሆነ። መጀመሪያ የሠራሁት፣ ቀጥሎ ሆን ብዬ መሥራቴ፣ መጨረሻ ይቅርታ። አንድም ማመካኛ አልነበረበትም። እያነበብኩ ሁለት ጊዜ አረምኩት።

መምህሩን ያገኘኋቸው ከወራት በኋላ ጎባ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሻርፑ ጆሯቸው ላይ ተመልሷል። ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ ቦታ መረጥኩ፤ ቀስ ብዬ፣ አፌን በደንብ ከፍቼ ለመናገር ተዘጋጅቼ ነበር። ዓይናቸውን አንሥተው ከንፈሬን አዩ።

«መምህር፣ ስለዚያ ረቡዕ ልነግርዎት ነው የመጣሁት» አልኩ። ትንፋሽ ወሰድኩ።

ዝም አሉ።

«ስልኩን ማቋረጥ እችል ነበር።»

ዓይናቸው ከከንፈሬ አልተነሣም። ዝም አሉ። አንድ ጋሪ በመካከላችን ሊያልፍ ሲል ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

«ሆን ብዬ ነው ያላቋረጥኩት።»

ጠበቅሁ። አዩኝ። ያልኩትን አንብበውታል፤ ለዚህ ማስረጃ የለኝም፤ ግን አንብበውታል። አራተኛው ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ነበር። ሊወጣ አልቻለም። ብዙ ዓመት ባሌ ስኖር እኔም ሳላውቀው የአገሩ ሰው ሆኜ ነበር፤ «ኤዬ» ካልተባልኩ መቀጠል አልቻልኩም። የቀሩት አራቱ ናቸው፤ «ይቅርታ» የሚለውም ከነሱ ውስጥ ነው።

መናኸሪያው ውስጥ «ሮቤ፣ ሮቤ፣ የሞላ!» እያለ ረዳቱ ይጮኻል። ደኅና ይሁኑ ብያቸው ሄድኩና ተሳፈርኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ዝግ ነበር። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ዘንቢል የያዙ አንዲት አሮጊት መጥተው መምህሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ እሳቸው አዙረው ማውራት ጀመሩ። የሚሉት አይሰማኝም። የሴትዮዋ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ቆም ይላል። የመምህሩ ከንፈር አጭር ነገር ይላል። የሴትዮዋ አፍ ይቀጥላል። ቆም ይላል። የመምህሩ ከንፈር ደግሞ ያንኑ ይላል። መኪናው መናኸሪያውን እስኪለቅ ድረስ ከከንፈራቸው ላይ አነበብኩት።